የፊት ደም መልሶች በእርግጥ ቫልቭ የላቸውም? የአንዲት ዓረፍተ ነገር ታሪክ

የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች የራስና የአንገት አናቶሚ ሲማሩ ቶሎ የሚሸመድዷት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «የፊት ደም መልሶች ቫልቭ ስለሌላቸው ኢንፌክሽን በቀላሉ ወደ አንጎል ይወጣል።» አጭር ናት፤ ለፈተናም ትመቻለች። ችግሩ ግማሿ ልክ አለመሆኑ ነው። ልክ ያልሆነው ግማሽ እንዴት ይህን ያህል ዘመን እንደኖረ ማየቱ ደግሞ ታካሚ ፊት ስንቆም ምን ብለን መጠየቅ እንዳለብን ያስተምረናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ ቫልቭ ሲባል ቀድሞ የሚመጣልኝ የቧንቧው ቼክ ቫልቭ ነው። ቤታችሁ ሮቶ ካለ ታውቁታላችሁ። መስመሩ ላይ ውሃ ሲጠፋ የሮቶው ውሃ ተመልሶ ወደ ዋናው ቧንቧ እንዳይሄድ የሚይዘው እሱ ነው። በደም መልሶች ውስጥ ያሉት ስስ ክዳኖችም ሥራቸው ይኸው ነው፦ በአንድ አቅጣጫ ያሳልፋሉ፣ በሌላው ይዘጋሉ። ዛሬ ቀላል ይመስላል እንጂ ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቷል።

ከፓዱዋ የተነሳው ጥያቄ

በጣሊያን የፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ የአናቶሚ መምህር የነበረው ፋብሪሲየስ በ1603 ስለ ደም መልስ ቫልቮች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ቫልቮቹን በደንብ አይቷቸዋል፣ በሥዕልም አስቀምጧቸዋል። ሥራቸውን ግን ሳተው። በዘመኑ ይታመን የነበረው ደም በደም መልሶች በኩል ወደ እጅና እግር እንደሚሄድ ስለነበር፣ ቫልቮቹ ደሙ በአንድ ጊዜ ወደ ዳር እንዳይጎርፍ የሚያዘገዩ መሰሉት።

እዚያው ፓዱዋ ተምሮ በ1602 የተመረቀው እንግሊዛዊ ዊሊያም ሃርቪ ነገሩን ገለበጠው። በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ እንደሚመለስ አሳየ። ካነሳቸው ማስረጃዎች አንዱ ደግሞ የአንገት ነው። ቫልቮች የተቀመጡት ደም በክብደቱ ወደ ታች እንዳይወርድ ነው ለሚሉት ሰዎች የሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ የአንገት ደም መልሶችን እዩ። እዚያ ያሉት ቫልቮች ወደ ታች ያሳልፋሉ፣ ወደ ላይ ግን ይዘጋሉ። እንግዲህ ጉዳዩ የላይና የታች አይደለም፤ ወደ ልብ የመሄድና ከልብ የመራቅ ነው።

ልብ በሉ፦ ፋብሪሲየስም ሃርቪም ያዩት ያንኑ ቫልቭ ነው። ልዩነቱ ሃርቪ «ደሙ ወዴት እየሄደ ነው?» ብሎ መጠየቁ ነበር።

ሁለት መንገዶች፣ ሁለት አደጋዎች

ይህ ጥያቄ የሞትና የሕይወት ጥያቄ መሆኑን ለማየት ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት ወደነበሩት ዓመታት እንሂድ።

የመጀመሪያው መንገድ ቁልቁል ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አንድሬ ለሚዬር በ1936 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ 20 ታካሚዎችን ገለጸ። ሕመሙ ብዙ ጊዜ በጉሮሮ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ኢንፌክሽኑ በአጠገቡ ወዳለው የአንገት ደም መልስ ይገባና ደም ይረጋል። ከረጋው ደም የሚቆራረጠው ቁራጭ ከነባክቴሪያው ወደ ልብ ይወርዳል፣ ከልብም ወደ ሳንባ ይረጫል። ከ20ዎቹ 18ቱ ሞቱ። እዚህ ቫልቭ ምንም አይረዳም፤ ምክንያቱም ቁራጩ የሚጓዘው ቫልቩ በሚከፈትበት በትክክለኛው አቅጣጫ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ውስጥ የሚገባው ነው። ከአፍንጫ ጎንና ከላይኛው ከንፈር የሚነሱ ደም መልሶች በዓይን ጥግ በኩል ከዓይን ደም መልሶች ጋር ይገናኛሉ። እነዚያ ደግሞ ከአንጎል ሥር፣ ከፒቱታሪ ዕጢ ግራና ቀኝ ወዳለው ካቨርነስ ሳይነስ ይገባሉ። ይህን ስም በ1732 የሰጠው ፓሪስ ይሠራ የነበረው አናቶሚስት ዊንስሎ ነው። ቦታው ጠባብ ቢሆንም ብዙ ነገር ያልፍበታል፦ ወደ አንጎል የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ ዓይንን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች፣ የፊት ስሜት ነርቮች። መግል የያዘ ደም እዚያ ሲረጋ የዓይን ቆብ ያብጣል፣ ዓይን ወደ ውጭ ይገፋል፣ መንቀሳቀስም ያቅተዋል። የግራውና የቀኙ ሳይነስ ስለሚገናኙ ብዙም ሳይቆይ ሌላኛው ዓይን ይከተላል። ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ከዚህ የሚተርፍ ሰው እምብዛም አልነበረም።

በ1941 የኦክስፎርድ ቡድን ፔኒሲሊንን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሞከረባቸው ጥቂት ታካሚዎች መካከል አንዱ ይኸው በሽታ የያዘው የአራት ዓመት ተኩል ሕፃን ነበር። ሕመሙ የጀመረው ከኩፍኝ በኋላ የዓይኑ ቆብ ላይ በወጡ የመገሉ ቁስሎች ነው። መድኃኒቱ ሲሰጠው ልጁ ነቃ፣ መሻሻሉም በግልጽ ታየ። ግን ኢንፌክሽኑ ቀድሞ ያሳሳው የጭንቅላት ደም ቅዳ ፈነዳና ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር ኢንፌክሽኑ በመድኃኒቱ ተሸንፎ ነበር። መድኃኒቱ ሠርቷል፤ የደረሰው ግን ዘግይቶ ነው።

ዓረፍተ ነገሯ ስትፈተሽ

ታዲያ ያቺ «ቫልቭ የላቸውም» የምትለው ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ስትተላለፍ ኖረች። በ2010 ዣንግና ስትሪንገር የተባሉ የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ለሳይንስ በተለገሱ አስከሬኖች ላይ የፊትንና የዓይንን ደም መልሶች ከፍተው ተመለከቱ። በፊት ደም መልስም፣ ወደ ላይኛው የዓይን ደም መልስ በሚገቡት ቅርንጫፎችም ውስጥ ቫልቮች አገኙ። መደምደሚያቸውም ግልጽ ነበር፦ ለኢንፌክሽኑ መዛመት ዋናው ነገር የቫልቭ አለመኖር ሳይሆን በፊትና በካቨርነስ ሳይነስ መካከል መንገድ መኖሩና ደሙ የሚፈስበት አቅጣጫ ነው።

ለመሐንዲስ ይህ አያስገርምም። ቼክ ቫልቭ የሚያድነው ከተገጠመበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ፍሰቱ ራሱ ወደ ውስጥ ከሆነ ወይም ቫልቭ የሌለው ሌላ ቅርንጫፍ ካለ፣ ውሃው የግፊት ልዩነቱን ተከትሎ ይሄዳል። «ቫልቭ አለ ወይስ የለም?» ብቻ ብሎ መጠየቅ መስመሩን ሳያዩ አንድ ዕቃ እንደ መቁጠር ነው።

ለጥርስ ሐኪም ምን ይጠቅማል?

ዓረፍተ ነገሯን እንዳለች የያዘ ተማሪ አደጋው ያለው ከአፍንጫ ድልድይ እስከ አፍ ጥጎች ባለው «አደገኛ ሦስት ማዕዘን» ውስጥ ብቻ ይመስለዋል። ጥርስ ግን የራሱ መንገድ አለው። ከላይኛው መንጋጋ ጀርባ፣ በማኘኪያ ጡንቻዎች መካከል፣ ቴሪጎይድ ፕሌክሰስ የሚባል የደም መልሶች መረብ አለ። ከመንጋጋ ጥርሶች የሚመለሰው ደም ወደዚያ ይገባል፤ መረቡ ደግሞ በራስ ቅል ሥር ባሉ ቀዳዳዎች ከካቨርነስ ሳይነስ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ፊቱ ላይ አንድም ብጉር የሌለው ሰው፣ ከላይኛው መንጋጋ ጥርሱ በተነሳ መግል ብቻ ዓይኑ ሊያብጥ ይችላል።

ይኸው መረብ በማደንዘዣ ሰዓትም ይመጣል። ለኋለኞቹ የላይ መንጋጋ ጥርሶች የሚወጋው መርፌ ከመጠን በላይ ከገባ መረቡን ሊበሳ ይችላል፤ ጉንጭም በደቂቃዎች ውስጥ ደም ቋጥሮ ያብጣል። መድኃኒቱን ከመግፋታችን በፊት ሲሪንጁን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አድርገን ደም መምጣት አለመምጣቱን የምናየው ለዚህ ጭምር ነው።

የጥርስ ሕመም ያለበት ሰው ትኩሳት ይዞት፣ የዓይኑ ቆብ አብጦ ወይም ነገሮች ሁለት ሆነው እየታዩት ቢመጣ፣ ማስታገሻ ሰጥቶ «ነገ ተመለስ» ማለት አይገባም። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። ጉሮሮውን አሞት ቆይቶ አንገቱ በአንድ በኩል ያበጠና የሚያንቀጠቅጠው ሰውም እንዲሁ። ዛሬ መድኃኒቱ አለ፣ አብዛኛው ታካሚም ይተርፋል። በ1941 የሞተው ሕፃን ያጣው መድኃኒቱን ሳይሆን ጊዜውን ነበር፤ ጊዜውን የሚያተርፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ታካሚውን ቀድሞ የሚያየው ሰው ነው። እሱም ያበጠ ፊት ባየ ቁጥር ሃርቪ የጠየቀውን ይጠይቅ፦ ይህ ደም ከዚህ ወዴት ይሄዳል?