የራስ ሕመም መድኃኒት በሾዋክ፦ ቅጠሉ የቀረበት፣ ዘሩ የተሻገረበት መንገድ

በገዳሪፍና በከሰላ መካከል፣ በአትባራ ወንዝ ዳር የምትገኘው ሾዋክ በስደት ታሪክ ስሟ የሚነሣው በእርዳታ ማእከልነቷ ነው፤ የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን የምሥራቁን ሥራ የሚመራው ከዚህች ከተማ ነበር። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤርትራውያን፣ በኋላም፣ በተለይ በ1984ቱና በ1985ቱ የረኀብ ዘመን፣ ከሰሜን ኢትዮጵያ የተሰደዱ እጅግ ብዙ ሰዎች በአካባቢው ሰፍረዋል። ስለ እህሉና ስለ ድንኳኑ ብዙ ተጽፏል። ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው ስደተኛው ራሱን ሲያመው እጁን ወደ ምን ይሰድ እንደ ነበር ነው።

በደጋው አገር ራስን የሚፈልጥ፣ ከትኩሳትና ከከንፈር ቁስል ጋር የሚመጣ ሕመም ምች ይባላል። መድኃኒቱ ዳማከሴ ነው፤ ለጋ ቅጠሉ በመዳፍ ታሽቶ ጭማቂው በአፍንጫ ይሳባል፣ ግንባርና ሰውነት ይታሽበታል፣ ከቡና ጋርም ይጠጣል። ከጓሮ ተቀጥፎ ወዲያው ይታሻል እንጂ ለመንገድ ስንቅ አይሆንም። ተክሉ የደጋና የወይና ደጋ ነው፤ የሾዋክ ሜዳ ደግሞ ቆላ፣ በጋውም እሳት ነው። እንደ እኔ ግምት የመጀመሪያው ጉድለት የደረሰው እዚህ ላይ ነው፦ ሕመሙ ከነስሙ ድንበሩን ተሻገረ፣ ቅጠሉ ወደ ኋላ ቀረ።

ዘር ግን መንገደኛ ነው። ፌጦና ጥቁር አዝሙድ በነጠላ ጫፍ ይቋጠራሉ፤ ባይቋጠሩም የሱዳን ገበያ በዓረብኛ ስማቸው ያውቃቸዋል። ጥቁር አዝሙድ ተወቅጦ በጨርቅ እየተቋጠረ ለጉንፋንና ለራስ ሕመም ይሸተታል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስቆሪዶስም ይህንኑ ዘር ለራስ ሕመም በግንባር ላይ እንዲቀባ አዝዞ ነበር፤ የጤና አዳምን ዘመድም ከሆምጣጤና ከጽጌረዳ ዘይት ጋር ለዚሁ ሕመም ጠቅሶታል። መጽሐፉ ወደ ዓረብኛ ተተርጉሞ የእስልምናው ዓለም ሐኪሞች መማሪያ ሆነ። ስለዚህ «የምዕራብ ዕፅ» እና «የባህል መድኃኒት» የሚለው አከፋፈል በሾዋክ ገበያ ብዙም አያስኬድም።

የምንጩ ጉዳይ ከባድ ነው። ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 እ.ኤ.አ. በዋርሶ ያሳተማቸው የመድኃኒት ጽሑፎች የደብተራውን እውቀት ጠብቀውልናል፤ የዳማከሴን አስተሻሸት የምታውቀው እናት ግን አልጻፈችም። በ1980ዎቹ አዋቂ ሆነው የተሻገሩት ዛሬ አርጅተዋል። ሊጠየቁ የሚገባው አሁን ነው፤ ቅጠሉን ሳያዩ ያደጉ ልጆቻቸውም ምች የሚለውን ቃል ለየትኛው ሕመም እንደሚሰጡት አብረው ሊጠየቁ ይገባል።