የካሪያንዱሲ ባልጩትና ነጩ ካባ

ከናይሮቢ ወደ ናኩሩ የሚወስደው አውራ ጎዳና ጊልጊልን አልፎ ወደ ኤልመንቴይታ ሐይቅ በሚያዘቀዝቅበት አካባቢ ነጭ፣ የተቦረቦረ ገደል አለ፤ ካሪያንዱሲ ነው። ነጩ አፈር ዳያቶማይት ይባላል። በጥንታዊ ሐይቅ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ደቃቅ አልጌዎች ቅርፊት ተከማችቶ የፈጠረው ሲሆን፣ ለማጣሪያነት ስለሚፈለግ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲቆፈር ኖሯል። ከካባው አጠገብ ደግሞ ሉዊስ ሊኪ የመራው የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው የአሹልያን ዘመን ሥፍራ ይገኛል፤ ዕድሜው ወደ አንድ ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል።

ከሥፍራው ከወጡት የእጅ መጥረቢያዎች ብዙዎቹ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተጠረቡ ናቸው። የተመራማሪዎችን ዓይን ይበልጥ የሳቡት ግን የባልጩቶቹ ናቸው፤ በዚያ ዘመን ባልጩትን ለትልልቅ መሣሪያ ያዋሉ ሥፍራዎች ጥቂት ናቸውና። ለዚህ አቻ የሚፈልግ ሰው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው መልካ ቁንጡሬ መመልከት ይችላል። በዚያው ባለው በሲምቢሮ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባልጩት በብዛት ይጠረብ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት አሳይቷል። የድንጋዩ መገኛ ባልጭት ስሙን የወረሰው ከዚሁ ድንጋይ ነው። ድንጋይ መርጦ ማውጣት እንግዲህ ከዳያቶማይት ቆፋሪዎች እጅግ የቀደመ ሙያ ነው።

የካሪያንዱሲ መሣሪያዎች ሰዎች በተዉአቸው ቦታ የቀሩ ናቸው ወይስ ጅረት አንከባሎ ያከማቻቸው? ጥያቄው ሲያከራክር ቆይቷል። መልሱ ከመጥረቢያው መልክ አይገኝም፤ የሚገኘው ከተኛበት ደለል፣ ከአቀማመጡና በአጠገቡ ካለው ስባሪ ነው። ዶማና ፈንጂ አስቀድመው የሚያጠፉትም ይህንኑ ነው።

የካብዌ ዕጣ ለዚህ ይጠቀሳል። በዛሬዋ ዛምቢያ፣ እርሳስና ዚንክ ሲያወጡ የነበሩ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1921 አንድ የራስ ቅል አገኙ። ቅሉ ወደ ለንደን ተወሰደ፤ ኮረብታውን ማዕድን ቁፋሮው በላው። ዕድሜው ወደ 300,000 ዓመት ግድም መሆኑ የታወቀው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ራሱን አጥንቱን በመመርመር ነበር። በዋሻው ከተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች የትኞቹ የዘመኑ እንደሆኑ ግን የሚመሰክር ደለል የለም።

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው የቅርስ ሕግ፣ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 209/1992፣ በቁፋሮ መካከል ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ደንግገዋል። ድንጋጌው የሚሠራው ግን ቆፋሪው ያየውን ካወቀው ነው። የራስ ቅል ማንንም ያስቆማል፤ የተጠረበ ድንጋይ ግን በድንጋይ ካባ ውስጥ ድንጋይ ነው፣ ከሌላው ጋር ተጭኖ ይሄዳል።