ስለ ቤተ ሙከራ ባለሙያ ስንብት

የትምህርት ቤት ታሪክ በተጻፈ ጊዜ መሥራቹ፥ ዲሬክተሩና መምህራኑ በየተራቸው ይነሣሉ፤ ሕንፃው የተመረቀበትም ቀን አይዘነጋም። ብዙ ዘመን ያገለገለ የቤተ ሙከራ ባለሙያ በጡረታ ሲሰናበት ግን፥ ስሙ ከደመወዝ መዝገብ በቀር በሌላ ስፍራ ተጽፎ የሚገኘው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ይህም የክብር ጉድለት ብቻ ሳይሆን የትምህርት ጉዳት ነው፤ ባለሙያው ሲሄድ አብሮት የሚሄድ፥ በመጻሕፍት ያልሰፈረ ዕውቀት አለና።

በኢትዮጵያ ይህ ሙያ ረዥም ዕድሜ የለውም። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በይበልጥ የታወቀው በቋንቋዎች ትምህርት ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ፥ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈቱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እየተስፋፋ ሲሄድ ፊዚክስ፥ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በጥቁር ሰሌዳ ብቻ የሚፈጸሙ አልሆኑም፤ ዕቃውን የሚጠብቅ፥ ኬሚካሉን የሚለካ፥ መሣሪያውን የሚጠግን ሰው አስፈለገ።

የዚህ ሰው ሥራ ከውጭ ለሚመለከተው የግምጃ ቤት ጥበቃ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ሶዲየም በላምባ ውስጥ ጠልቆ ካልተቀመጠ ከአየርና ከእርጥበት ጋር ይዋሐዳል፤ ሲልቨር ናይትሬት ብርሃን በማያስገባ ጠርሙስ ካልተያዘ ይበላሻል። ብርቱ ሰልፈሪክ አሲድ ሲቀጥን አሲዱ ወደ ውሃው ቀስ እያለ ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ግሎ ኦክሲጅን በውሃ ላይ በሚሰበሰብበት ጊዜም፥ እሳቱ ከመነሣቱ በፊት ቱቦው ከውሃው መውጣት አለበት፤ አለዚያ ውሃው ወደ ኋላ ተስቦ የጋለውን ብርጭቆ ይሰነጥቀዋል። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ይናገራል፤ የትኛው ሚዛን እንደሚያዳላ፥ የትኛው ጠርሙስ ኃይሉ እንደ ደከመ፥ የጐደለውም ዕቃ በምን እንደሚተካ ግን የሚያውቀው ባለሙያው ነው።

ከዚህም በላይ ባለሙያው የእውነት ምስክር ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1963፥ በታንጋኒካ የማጋምባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረው ኤራስቶ ምፔምባ አይስክሬም ሲሠራ፥ ያፈላውን ወተት ሳያበርድ ወደ ማቀዝቀዣው ቢያገባው ካልፈላው የጓደኛው ወተት ቀድሞ በረዶ ሆነ። መምህሩ ነገሩን አልተቀበለውም። ኋላም በኢሪንጋ ሲማር፥ የዳሬ ሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር የነበሩት ዶክተር ዴኒስ ኦዝቦርን ለጕብኝት በመጡ ጊዜ ጥያቄውን አቀረበ፤ ጓደኞቹም ሳቁበት። ዶክተሩ ግን ተመልሰው ጥያቄውን እንዲፈትን ለአንድ ወጣት ቴክኒሻን ሰጡት። ቴክኒሻኑም የሞቀው ውሃ በእርግጥ ቀድሞ መርጋቱን አስታወቀ፤ ትክክለኛው ውጤት እስኪገኝ ድረስ ግን ሙከራውን እንደሚደጋግሙት ጨምሮ ተናገረ። ልቡ ያላመነበትን፥ ዓይኑ እንዳየው መናገሩ ለሙያው ታማኝ መሆኑን ያሳያል። በ1969 ምፔምባና ኦዝቦርን በጋራ ጽሑፍ አሳተሙ፤ ነገሩም በምፔምባ ስም ተጠራ፤ ስለ እርሱም የሊቃውንት ክርክር ዛሬም አልተቋጨም። ታሪኩ ሲነገር ግን ቴክኒሻኑ ያለ ስም ይታለፋል።

በኢትዮጵያ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲቀርብ፥ ቤተ ሙከራ ያልተሟላለት ትምህርት ቤት እንኳ ሙከራን ለማየት ቻለ። ይህ ጥቅም አይካድም። ሆኖም በቴሌቪዥን የሚታይ ሙከራ ተመርጦ የቀረበ ስለ ሆነ አይከሽፍም፤ ያልከሸፈ ሙከራም «ለምን ከሸፈ?» ብሎ መመርመርን አያስተምርም። ቀለሙ አልለወጥ፥ መብራቱ አልበራ ሲል፥ ተማሪው ምክንያቱን የሚፈልገው ከመምህሩና ከባለሙያው ጐን ቆሞ ነው።

የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ዐዋጅ ቁጥር 209 በ1955 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ፥ የአገልጋዩ የእርጅና ዘመን በሕግ ታስቦበታል፤ ዛሬም መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። እንግዲህ የስንብቱ ቀን ድንገት የሚደርስ አይደለም፤ ከዓመታት በፊት ይታወቃል። ስለዚህ ርክክቡ በቁልፍና በንብረት ዝርዝር ብቻ ሊያልቅ አይገባም። ተተኪው አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ከባለሙያው ጋር ይሥራ፤ የየመሣሪያው ጠባይና የየሙከራው ጥንቃቄ በደብተር ይጻፍ፤ በደብተሩም ላይ የባለሙያው ስም ይስፈር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው፥ ዋጋው የሚታወቀው ከወጣ በኋላ እንዳይሆን፥ ዲሬክተሮችና የትምህርት ሹማምንት ስንብቱን በሽልማትና በምስጋና ብቻ ሳይሆን በዚህ ደብተር ቢያከብሩት፥ ጡረተኛው ከወጣ በኋላም ማስተማሩን አያቋርጥም።