ሸክላ ያስቀረልንና ያስቀረብን፦ የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ቅጂዎች እንደ ታሪክ ምንጭ



የዛሬው ንግግሬ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለው የባህል ሙዚቃ ቡድን ባስቀረጻቸው ሥራዎች ላይ ያተኮረ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ የተቀረጸ ዘፈን ለታሪክ ጸሐፊ ምን ዓይነት ማስረጃ ይሆናል? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኢትዮጵያ ድምፅ ወደ ሸክላ የገባው ከዚህ ቡድን አስቀድሞ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው በነበረበት ወቅት፣ ከ1908 እስከ 1910 ባሉት ዓመታት ውስጥ፣ በበርሊን ዘፈኖቻቸውን አስቀርጸዋል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1963፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማዕከል ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተቋቋመ። መሥራቹ በትውልድ ግብፃዊ የሆነው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብ ነበር። ኋላም ተስፋዬ ለማ ቡድኑን ለረጅም ጊዜ መርቷል።

ቻርልስ ሳተን የተባለ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ከቡድኑ አባል ከጌታመሳይ አበበ መሰንቆ ተምሮ ከቡድኑ ጋር ተጫውቷል። በ1969 ቡድኑ ብሉ ናይል ግሩፕ በሚል ስም አሜሪካን ዞረ፤ በታወቀው የኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅትም ቀረበ። ዘመኑ የአሜሪካ ወጣት ባንጆና ጊታር አንሥቶ ወደ ገጠሩ ዜማና ወደ ብሉግራስ ጆሮውን የመለሰበት ነበር። በ2007 ደግሞ የቡድኑ ቅጂዎች ኢትዮፒክስ በተሰኘው ተከታታይ ኅትመት 23ኛ ቁጥር ሆነው ወጡ። የዛሬው አድማጭ በአብዛኛው ቡድኑን የሚያውቀው በዚህ ነው።

እነዚህን ቅጂዎች «ጥንታዊው የገጠር ድምፅ» ብሎ መቀበል ስሕተት ነው እላለሁ። ምክንያቴ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ቅኝት ነው። መሰንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ያለው ነው፤ አዝማሪው የሚቃኘውም ለራሱ ድምፅ እንዲስማማ አድርጎ ነው። ዋሽንት ነፊም መጠናቸው የተለያየ በርካታ ዋሽንቶች ይይዛል። መሰንቆው፣ ክራሩ፣ ዋሽንቱና ከበሮው በአንድ መድረክ ሲሰለፉ ግን ሁሉም ለአንድ የድምፅ ልክ መገዛት አለባቸው። ስለዚህ የምንሰማው የጋራ ድምፅ ከገጠር የተቀዳ ሳይሆን በ1960ዎቹ በዩኒቨርሲቲ የተፈጠረ አዲስ ሥራ ነው። ይህ ክብሩን አይቀንሰውም፤ ዘመኑን ግን በትክክል ያመለክተናል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። አዝማሪ በሠርግ ቤት የታዳሚውን ፊት እያየ ይገጥማል፤ ከታዳሚው የተሰጠውን ግጥም ተቀብሎ ያዜማል፤ ወርቁ በሰሙ ውስጥ ሲገኝ ቤቱ ይናወጣል። በተሰማ ዘመን የአንድ ሸክላ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሸክላው ቢረዝምም፣ ቀረጻ ክፍል ውስጥ ግጥም የሚሰጥ ታዳሚ የለም። አዝማሪው ቀርቶልናል፤ የግጥሙ ተካፋይ የነበረው ሕዝብ ግን ቀርቷል።

ሦስተኛው ስም ነው። በባህል ሙዚቃ ቅጂዎች ላይ ብዙ ጊዜ «የሕዝብ ዜማ» ተብሎ ይጻፋል። ቃሉ ያከበረ ይመስላል፤ ነገር ግን ዜማውን ያቀበለውን ሰው፣ መንደሩንና አስተማሪውን ይሰውራል። ደብረ ታቦር ተቀምጦ የሚያጠና ተማሪ፣ በዚያን ጊዜ በጌምድርና ስሜን ይባል ከነበረው ጠቅላይ ግዛት የትኛው ዜማ በማን እጅ እንደወጣ ከእንዲህ ያለ ጽሑፍ ሊረዳ አይችልም።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለዚህ ችግር ከብዙ ዘመን በፊት መልስ አግኝተውለታል። መልሱም ከዚሁ ከደቡብ ጎንደር ሩቅ አይደለም። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤቶች ናቸው። ድጓው ምልክት ተጥሎለት በብራና ተጽፏል፤ ሆኖም ብራናው ብቻውን አያስመሰክርም። ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ዜማውን በቃሉ ያጠናል፤ «ከማን ተማርህ?» ተብሎም ይጠየቃል። መጽሐፉ ዜማውን ያስቀራል፤ የመምህራኑ የትውልድ ሐረግ ደግሞ ምስክርነቱን ያስቀራል። የአዝማሪ ሙያም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሆኖ ሳለ፣ «ከማን ተማርህ?» የሚለውን ጥያቄ በሸክላው ሽፋን ላይ አናገኘውም።

«ያ ቡድን ባያስቀርጽ ኖሮ ይህችም አትገኝም ነበር» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው። ቡድኑ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲበተን ቅጂዎቹ ተርፈዋል፤ በአዝማሪነቱ ይናቅ የነበረውን ባለሙያም በዩኒቨርሲቲ መድረክ አቁመውታል። ውለታው እንዳለ ሆኖ፣ ውለታ ምንጩን ከመመርመር አያግድም። ብራና ስናነብ ጸሐፊውን፣ ያስጻፈውንና የተጻፈበትን ቦታ እንጠይቃለን፤ ለሸክላም ከዚህ ያነሰ ጥያቄ አይገባውም።

ተማሪዎቼ፣ መቅረጫ መሣሪያው ዛሬ በየኪሳችሁ አለ። በጋይንት፣ በእስቴ ወይም በፋርጣ አንድ አረጋዊ ባለመሰንቆ ስትቀርጹ ፈቃዱን ጠይቁ፤ ዘፈኑንም ሳትቆርጡ እስከ መጨረሻው ቅረጹ። ስሙን፣ መምህሩን፣ ቀኑንና ቦታውን፣ ግጥም የሰጠውንም ታዳሚ ጻፉ። ይህ ካልተደረገ የነገ ተመራማሪ በእጁ የሚገኘው ጥርት ያለ ድምፅ ይሆናል፤ የማን ድምፅ እንደሆነ ግን የሚነግረው አያገኝም።