ዕድል ወይስ ችሎታ? የፑል ጠረጴዛው ክርክር

መገናኛም ይሁን ኮተቤ ፑል ቤት ጎራ ያለ ሰው ይህን ክርክር ያውቀዋል። አንዱ ያላሰባት ኳስ ዞራ ዞራ ስትገባለት ተሸናፊው «በዕድል ነው!» ይላል፤ አሸናፊው «ችሎታ ነው» ብሎ ይስቃል። የቤት ኪራይ የተያዘበት ጊዜ ግን ክርክሩ አያስቅም።

የጨዋታው ታሪክ መልስ አለው። በአሜሪካ ለረጅም ዘመን ሻምፒዮና የሚለይበት ጨዋታ «ስትሬት ፑል» ነበር። መቺው የትኛዋን ኳስ የት ቀዳዳ እንደሚከት አስቀድሞ ይናገራል፤ የተናገራት ሳትገባ በአጋጣሚ ሌላ ብትገባ አትቆጠርለትም። ዊሊ ሞስኮኒ እ.ኤ.አ. በ1954 ኦሃዮ ውስጥ 526 ኳሶችን ሳይስት ያስገባው በዚሁ ጨዋታ ነው። ይህን ዕድል ነው የሚል የለም።

ስትሬት ፑል ግን ይረዝማል፤ ለቴሌቪዥን አይመችም። ቦታውን ፈጣኑ «ናይን ቦል» ወሰደው። በዚህኛው በተለመደው ሕግ፣ ነጯ ኳስ መጀመሪያ ትንሹን ቁጥር ትንካ እንጂ 9 ቁጥር ሳይታሰብ ብትገባም ጌሙ አለቀ። ዕድል በር ተከፈተላት። አዘጋጆቹ ታዲያ ምን አደረጉ? ጌሙን አበዙት፤ ቀድሞ 9 ወይም 11 ጌም የሞላ ያሸንፋል አሉ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከ10 ጌም 6ቱን የሚያሸንፍህ ልጅ አንድ ጌም ብቻ ከተጫወታችሁ ከ10 ጊዜ 4ቱን ይሸነፍልሃል። እስከ 9 ከተጫወታችሁ ግን ከ10 ጊዜ 8ቱን ይረታሃል። ልጁ ያው ነው፤ የተለወጠው የውድድሩ ርዝመት ነው።

እንጦጦ ዳገት ላይ ማለዳ የሚሮጡት ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ለዕድል ብዙ ቦታ አይተውም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ሲያሸንፍ ያልታወቀ ሯጭ ነበርና «አጋጣሚ ነው» ያለ ይኖር ይሆናል። በ1964 ቶኪዮ ላይ ሲደግመው ግን አፍ ተዘጋ።

የሰፈራችን ችግር እዚህ ላይ ነው። አንድ ጌም ተጫውተን ገንዘብ እናስይዛለን፤ ያሸነፈውን «ጎበዝ»፣ የተሸነፈውን «ሰነፍ» እንላለን። ፑል ራሱ ቁማር አይደለም፤ በአንድ ጌም ላይ የወር ደመወዝ ማስያዝ ግን ቁማር ነው። ችሎታህን ማወቅ የፈለግህ ወንድሜ፣ ገንዘቡን ኪስህ መልስና እስከ 9 ተጫወት።