አሸናፊ የሌለው ሩጫ

በኢጣሊያዋ ጉቢዮ ከተማ በየዓመቱ ግንቦት 7 ቀን (ሜይ 15) ሦስት የእንጨት ዐምዶች በሰው ትከሻ ሆነው ኢንጂኖ ተራራን በሩጫ ይወጣሉ። አንዱ ብቻውን 3 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። በመጀመሪያው አናት ላይ የከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ ኡባልዶ ቆሟል፤ ግንበኞች የእኛ ይሉታል። ሁለተኛው የነጋዴዎቹ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ እኛ አባ እንጦንስ የምንለው የግብፁ መነኩሴ፣ የገበሬዎቹ። ቅደም ተከተላቸው አይለወጥም፤ ኡባልዶ ሁልጊዜ ይቀድማል፣ እንጦንስ ሁልጊዜ ይከተላል።

ብዙዎች በዓሉን ከክርስትና በፊት የነበረ አምልኮ ቅሪት ያደርጉታል። ኸርበርት ባወር በ1897 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህን አሳብ አጠንክሮታል። መከራከሪያው ቀላል አይደለም፤ ከተማዋ በ1456 የገዛቻቸው 7 ጥንታዊ የነሐስ ሰሌዳዎች በሦስት የከተማ በሮች ስለሚቀርብ መሥዋዕት ይናገራሉ። ሆኖም በሰሌዳዎቹና በመካከለኛው ዘመን በዓል መካከል ከሺህ ዓመት በላይ አለ፤ የቁጥር መመሳሰል ብቻውን ይህን ያህል ዘመን አያሻግርም። በዓሉ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ይበልጥ ቅርብ ነው። ዐምዶቹ «ቼሪ» ይባላሉ፤ ሻማዎች ማለት ነው። የሙያ ማኅበራት በጠባቂው ዋዜማ ሰም ያቀርቡ ነበር፤ እንጨቱ ሰሙን የተካው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ነው። ቀኑም ቢሆን ኡባልዶ በ1160 ያረፈበት የሜይ 16 ዋዜማ ነው። መድረሻው ደግሞ ዐፅሙ በ1194 የፈለሰበት ተራራ።

ስጦታ ከሆነ ታዲያ ለምን ይሮጣሉ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን መልሱ በቅደም ተከተሉ ውስጥ አለ። ማንም ማንንም በማያልፍበት ሩጫ የሚፈተነው መቅደም ሳይሆን ሸክሙን ሳይጥሉ፣ ሳያዘነብሉ ማድረስ ነው። ጧፍ ይዞ ለንግሥ የወጣ ሰው የማን ጧፍ ቀደመ ብሎ አይጠይቅም። አንድ ነገር ግን ለባወር ወገን መተው አለብኝ፤ ዐምዶቹ እኩለ ቀን ላይ ሲቆሙ ውኃ የያዘ ገንቦ ተወርውሮ ይሰበራል፣ ሕዝቡም ገሉን ለበረከት ይሻማል። ይህን የሰም ስጦታው አያስረዳልኝም፤ ከሌላ ምንጭ የመጣ ሊሆን ይችላል። ዐምዶቹ ግን ከሩጫው በኋላ ወደ ከተማ አይመለሱም፤ እስከሚቀጥለው ሜይ የመጀመሪያ እሑድ ድረስ ዐፅሙ ባረፈበት ቤተ ክርስቲያን ይቆያሉ።