ለጎርፍ የተተወ ሐዲድ

ኖርማንተን የሄድኩት ወንዙን ለማየት ነበር። ሰሜን ኩዊንስላንድ ውስጥ ያለች የወንዝ ወደብ ናት፤ ከኬርንስ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስነዳል። እናቴ በስልክ «አዞ ነው ወይስ ሰው የሚኖርበት?» አለችኝ። ሁለቱም። ከተማው መሃል 8.63 ሜትር የሚረዝም የአዞ ምስል ተጋድሟል። በ1957 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ናቸው) ክሪስቲና ፓውሎውስካ የምትባል አዳኝ ኖርማን ወንዝ ላይ የገደለችው ነው ይባላል። ሰው ሁሉ አጠገቡ ፎቶ ይነሳል፤ እኔም ተነሳሁ።

የያዘኝ ግን ባቡሩ ነው። ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ወደ ደቡብ፣ ለክሎንከሪ መዳብ ነበር። በ1885 ክሮይደን ላይ ወርቅ ሲገኝ አቅጣጫው ተቀየረ፤ በ1891 ክሮይደን ደረሰ፣ እዚያው ቀረ። 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መስመር እስከ ዛሬ ከሌላ ሐዲድ ጋር ተገናኝቶ አያውቅም።

ችግሩ ሁለት ነበር። እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፤ በዝናብ ወራት ደግሞ ሜዳው ባሕር ይሆናል። ሌላ መሐንዲስ አፈር ቆልሎ ሐዲዱን ከፍ ያደርግ ነበር። ጆርጅ ፊሊፕስ ግን ከሐዲዱ ሥር የሚጋደመውን ነገር ከብረት፣ ውስጡን ባዶ አድርጎ ነደፈው፤ መሬቱ ላይ አስቀምጦ በጭቃ ሞላው። ጎርፍ ሲመጣ ባቡሩ ይቆማል፣ ውሃው ከላይ ያልፋል፣ ሲጎድል ሐዲዱ እንዳለ ይገኛል። ብዙዎቹ ብረቶች ዛሬም እዚያው ናቸው። እኔ የጻፍኩት ኮድ አምስት ዓመት ከቆየ ድግስ ነው!

ስለ ብረቱ ሳነብ ግማሽ ቀን ሄደ። አገሩ የማን እንደነበር መጠየቅ ትዝ ያለኝ ማታ፣ አልጋ ላይ ሆኜ ነው። ኩርቲጃር፣ ጉታርን፣ ኩካጅ፦ ያ ጎርፍ ሲመጣና ሲሄድ አብረውት የኖሩ ሕዝቦች። ከ1860ዎቹ ጀምሮ ከብት አርቢዎች ወደዚህ ባሕረ ሰላጤ ሲገቡ የፈረሰኛ ፖሊስ ተከተላቸው፤ አዛዦቹ ነጮች፣ ወታደሮቹ ከሌላ አካባቢ የተመለመሉ ጥቁሮች። ብዙ ሰው ገደሉ። የጉታርንና የኩካጅ ሕዝቦች የመሬት መብት በፌዴራል ፍርድ ቤት የታወቀው በ2020 ነው። ሐዲዱ ክሮይደን ከደረሰ ከ129 ዓመት በኋላ ማለት ነው፤ ሂሳቡን ሁለቴ ሠራሁት።

ጠዋት ወደ ወንዙ ወረድኩ። መርከብ የለም። የአዞ ማስጠንቀቂያ፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ቡናማ ውሃ። ስልኬን ከፍቼ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ቆጠርኩ፦ 40። 38ቱ ብረት ናቸው።